ፓርክ ዙሪያ ይሻላል ወይስ ጅረት ዳር? ለኮርሳ ነጂ የመንገድና የጎማ መምረጫ

ኮርሳ ብስክሌት ለመግዛት ያሰበ ሰው ምክር ሲጠይቅ ወሬው የሚጀምረው ከብስክሌቱ ነው። ካርቦን ይሻላል ወይስ አሉሚኒየም? ስንት ማርሽ አለው? ስንት ኪሎ ይመዝናል? እኔ ደግሞ ጥያቄውን በጥያቄ እመልሳለሁ። የት ልትነዱት ነው? ከመኪና ሸሽታችሁ መናፈሻ ውስጥና ጅረት ዳር በተነጠፈ አስፋልት ላይ ልትነዱት ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚመረጠው መንገዱ ነው። እሱ ከታወቀ ጎማውንም ፔዳሉንም መምረጥ አይከብድም።

እነዚህ መንገዶች ከሩቅ ሲያዩዋቸው አንድ ናቸው። አስፋልት፣ ዛፍ፣ ሣር፣ እዚህም እዚያም አግዳሚ ወንበር። ሲነዱባቸው ግን ለየቅል ናቸው። እኔ የምለያቸው በፍሬን ቆጠራ ነው። አዲስ መንገድ ላይ ስወጣ የመጀመሪያውን ቀን ለፍጥነት አልነዳም። ረጋ ብዬ እየሄድኩ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ስንት ጊዜ ፍሬን እንደያዝኩ እቆጥራለሁ። አንድ ሁለቴ ከሆነ ለኮርሳ የሚሆን መንገድ ነው። አምስት ስድስት ጊዜ ከሆነ መንገዱ የሽርሽር ነው። ቆንጆ ሊሆን ይችላል፤ ግን እዚያ ላይ ለፍጥነት የተሠራ ብስክሌት ይዞ መውጣት ትርፉ መበሳጨት ነው።

ለምን ፍሬን? ሒሳቡ ቀላል ነው። ነጂውና ብስክሌቱ አንድ ላይ 80 ኪሎ ይመዝናሉ እንበል። ከቆሙበት ተነስቶ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ለመድረስ የሚወጣው ጉልበት፣ በዚያው ፍጥነት ሜዳ ላይ ከ100 ሜትር በላይ ያስኬዳል። በየኪሎ ሜትሩ አምስቴ የሚቆም ሰው አንድ ኪሎ ሜትር ነድቶ የአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ሊደክም ይችላል ማለት ነው። ብስክሌቱን በ1 ኪሎ ማቅለል ከዚህ የመነሻ ድካም ላይ የሚቀንሰው ከመቶ አንድ ገደማ ነው። ሰው የማይበዛበትን ሰዓት መምረጥ ግን ግማሹን ሊቀንሰው ይችላል፤ ያውም በነጻ።

ፓርክ ዙሪያ

የፓርክ መንገድ ትልቁ ጥቅሙ ዞሮ መግጠሙ ነው። ጎማ ቢተነፍስ ከመነሻችሁ ብዙ አልራቃችሁም። ውሃ ቢያልቅ ቧንቧው የት እንዳለ ታውቃላችሁ። ሦስተኛው ዙር ላይ እያንዳንዱን ጉድጓድ በስሙ ልትጠሩት ምንም አይቀራችሁም። ልምምድ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ዙር ራሱ መለኪያ ነው። ያው መንገድ፣ ያው ዳገት፤ የሚቀረው ሰዓቱን ማወዳደር ነው።

የኒው ዮርኩ ሴንትራል ፓርክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ትልቁ ዙር 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ይህ ዙር ለግል መኪና ዝግ ነው። ብስክሌት የሚሄደው በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ የሰዓት ቆጣሪ ከሚዞርበት በተቃራኒ ነው። ሰሜን ጫፍ ላይ ሃርለም ሂል የሚባል ዳገት ስላለ እግር የሚፈተንበትም አይጠፋም። የአንድ አቅጣጫውን ነገር ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። ፊት ለፊት የሚመጣ ብስክሌት ከሌለ ከግማሽ በላይ ሐሳባችሁ አረፈ። በአካባቢያችሁ ካሉት ፓርኮች ስትመርጡ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ። መንገዱ ባለ አንድ አቅጣጫ ነው? እግረኛውና ብስክሌተኛው በቀለም እንኳ ተለይተዋል?

ጉዳቱ ያው ሕዝቡ ነው። ፓርክ ሰው ሊዝናና የሚመጣበት ቦታ ነው፤ እናንተን አስቦ የሚራመድ የለም፣ ማሰብም የለበትም። ኳስ ከሜዳ ይወጣል፤ ከኳሱ ኋላ ልጅ ይመጣል። ኳሱን ካያችሁ ልጁን እንዳያችሁ ቁጠሩት። ከዚህ የባሰው ግን የውሻ ገመድ ነው። ውሻው በግራ በኩል ሣር ያሸታል፣ ባለቤቱ በቀኝ በኩል ስልክ ያወራል፣ መሃል ላይ ከጣት የቀጠነ ገመድ ተዘርግቷል። ከ20 ሜትር ላይ ገመዱ አይታይም። መሃሉ ክፍት መስሎ ይጠራችኋል። ሰውና ውሻ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆመው ካያችሁ፣ በመሃል አልፋለሁ ብላችሁ አታስቡ።

ጅረት ዳር

ውሃ ዳገት አይወጣም። ጅረቱን ተከትሎ የተነጠፈ መንገድም እንደ ውሃው ለስለስ ብሎ ነው የሚወርደው። ይህ ለነጂ ትልቅ ስጦታ ነው፤ ትንሽ ተንኮልም አለበት። ወደ ምንጩ በኩል ስትነዱ ዓይን የማያየው ዳገት አለ። "ዛሬ እግሬን ምን ነካው?" ትላላችሁ። ስትመለሱ ደግሞ ድንገት ጀግና የሆናችሁ ይመስላችኋል። ስለዚህ ኃይል እያላችሁ መጀመሪያ ወደ ላይኛው በኩል ንዱ፣ ሲደክማችሁ ከውሃው ጋር ተመለሱ። ተገላቢጦሹን የሞከርኩት አንዴ ብቻ ነው። የመጨረሻዎቹን ኪሎ ሜትሮች ባላስታውሳቸው እመርጣለሁ።

ሁለተኛው ስጦታ መስቀለኛ መንገድ ማነሱ ነው። አውራ ጎዳናው ጅረቱን በድልድይ ይሻገራል፤ የብስክሌቱ መንገድ ከድልድዩ ሥር ያልፋል። በአሜሪካዋ ዴንቨር ከተማ መሃል የሚያልፈው የቼሪ ክሪክ መንገድ ከከተማው ጎዳና ዝቅ ብሎ፣ በግንብ ተከልሎ ውሃው አጠገብ ይሄዳል። ላይ መኪናው መብራት እየጠበቀ ይቆማል፤ ታች ያለው ነጂ አይቆምም። በእኔ የፍሬን ቆጠራ እንዲህ ያለውን መንገድ የሚያሸንፍ ብዙ የለም።

ግን ዝቅ ያለ መንገድ ውሃም ይወደዋል። ከባድ ዝናብ ሲጥል መጀመሪያ የሚሰምጠው ከድልድይ ሥር ያለው ክፍል ነው። እናንተ ያላችሁበት ፀሐይ ሆኖ እንኳ፣ ላይኛው ተፋሰስ ላይ ከዘነበ ውሃው ሊሞላ ይችላል። የሚፈስ ውሃ አስፋልቱን ከሸፈነው አትግቡ፤ ጥልቀቱን መገመት አይቻልም፣ ከሥሩ አስፋልት ይኑር አይኑርም አይታወቅም። ውሃው ከጎደለ በኋላም ነገሩ አላበቃም። ጥሎት የሚሄደው ደለል አለ። ደለል ሲደርቅ አቧራ ነው፣ ሲረጥብ ሳሙና ነው።

እስቲ አንዱን የድልድይ ሥር መተላለፊያ ቀረብ ብለን እንየው። ከፀሐይ ትመጣላችሁ። መንገዱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ፍጥነት ይጨምራል። ከዚያ ጥላው ውስጥ ትገባላችሁ፤ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ዓይናችሁ ምንም አይለይም። ልክ በዚያች ሰከንድ ላይ መንገዱ ይታጠፋል፣ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ደግሞ ደለሉ ይጠብቃችኋል። ከወዲያ በኩል ጋሪ የምትገፋ እናት ልትኖር ትችላለች። ስለዚህ ፍሬን የሚያዘው ከመግባት በፊት፣ ገና ፀሐይ ላይ ሳላችሁ፣ ጎማው ደረቅ አስፋልት ነክሶ ሳለ ነው። ውስጥ ከገባችሁ በኋላ መሪውን ቀጥ አድርጎ መሄድ ብቻ።

የእንጨት ድልድይስ? እኔ አንዱን ከነቂጤ አውቀዋለሁ። ጠዋት ነበር፣ ዝናብ አልዘነበም፣ ጤዛ ብቻ ነው። ከድልድዩ መውጫ ላይ መንገዱ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ገና እንጨቱ ላይ ሳለሁ የፊተኛውን ፍሬን በአንድ ጣት ነካሁት። መንካት ብቻ። ቀጥሎ የማስታውሰው ጣውላውን በጉንጬ በኩል እያየሁት መሆኔን ነው። ቀረብ ብዬ ስላየሁት ልንገራችሁ፤ ጣውላው ላይ ስስ አረንጓዴ ሙልጭልጭ ነገር አለ፣ ከቆመ ሰው ቁመት ሲታይ የእንጨቱ ቀለም ነው የሚመስለው። ጥላና ውሃ ባለበት እንጨት ሁሉ ላይ ይበቅላል። ከዚያ ወዲህ ድልድይ ላይ ፍሬን አልይዝም፣ አልታጠፍም፣ ፔዳልም አልረግጥም። ከመድረሴ በፊት ቀዝቅዤ፣ ልቅቅ ብዬ አልፋለሁ። ጣውላው በመንገዱ ርዝመት የተነጠፈ ከሆነ ደግሞ በመሃሉ ያለውን ክፍተት ተመልከቱ። ቀጭን ጎማ እዚያ ውስጥ ከገባ አይለቅም። ያኔ ወርዶ መግፋት አያሳፍርም።

የዛፍ ሥርም የዚህ መንገድ ነው። ሥሩ እርጥበት ፍለጋ ከአስፋልቱ በታች ይገባል፣ እየወፈረ ሲሄድ አስፋልቱን ከታች ገፍቶ ያነሳዋል። መንገዱን ተሻግሮ እንደ ጅማት ተወጥሮ ታገኙታላችሁ። ችግሩ የቅጠል ጥላ ነው። ብርሃንና ጥላ ሲዥጎረጎር ጉብታው አይለይም። ጥቁር መነጽር እዚህ ጠላት ነው፤ ነጭ ወይም ቢጫ መስታወት ያለው ይሻላል። መነጽር ጭራሽ አያስፈልገኝም የምትሉ፣ ማምሻውን ውሃ ዳር ስትነዱ ሐሳባችሁን ትቀይራላችሁ። ትንኙ በደመና ነው የሚጠብቃችሁ። አፍ መዝጋትም አይከፋም።

አንድ ነገር ልጨምር። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ጠዋት ከቤት ስትወጡ የማይበርድ ቀን፣ ጅረቱ ዳር ስትደርሱ ጣት ያደነዝዛል። የደነዘዘ ጣት ፍሬን አይዝም። ስስ ጓንት ኪስ ውስጥ ቢኖር ምንም አይከብድም።

የድሮ ባቡር ሐዲድ

ሦስተኛ ዓይነት አለ፤ ሐዲዱ ተነስቶ አስፋልት የተነጠፈበት። ቦስተን አጠገብ ያለው የሚኒትማን መንገድ እንደዚያ ነው፤ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ባቡር ዳገት ስለማይወድ ዝንባሌው ብዙ ጊዜ ከመቶ 2 ወይም 3 አያልፍም። ኩርባውም ሰፊ ነው፤ ከሩቅ ይታያል። ፍሬን የምትይዙት ከመኪና መንገድ ጋር ሲገናኝ ነው፣ እዚያ ግን በደንብ መቆም ነው። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የለም። እኔን ግን ይሰለቸኛል። ቀጥ ያለ መንገድ ላይ አንድ ሰዓት ስነዳ እንቅልፌ ይመጣል።

ታዲያ የትኛው? ከልጅ ጋር ከሆናችሁ ፓርክ። ኮርሳ መንዳት ገና እየለመዳችሁ ከሆነ የባቡሩ መንገድ። ሰዓት ይዞ ልምምድ ለሚሠራ ሰው ፓርክ፣ ያውም በማለዳ። ረጅም መንገድ፣ ጥላና ጸጥታ የምትፈልጉ ከሆነ ጅረት ዳር። እኔ ወድቄበትም ቢሆን የማልተወው ይህን የመጨረሻውን ነው።

ብስክሌቱን በተመለከተ

እዚህ ላይ አጭር ልሁን። የፍሬን ቆጠራው ዝቅተኛ የሆነበት መንገድ ላይ ኮርሳ ደስ ይላል። ቆጠራው ከፍ ባለበት፣ ወይም አስፋልቱ ኮሮኮንች በሆነበት፣ ግራቭል የሚባለው ይሻላል። እሱም መሪው እንደ ኮርሳ የተጠመዘዘ ነው፤ ግን ወፍራም ጎማ ይቀበላል፣ አቀማመጡም ብዙ አያጎነብስም። ቀና ብሎ መቀመጥ ማለት ርቆ ማየት ማለት ነው። ቀጥ ያለ መሪ ያለው ሃይብሪድም አይናቅም። ሁልጊዜ ጣታችሁ ፍሬኑ አጠገብ ነው፤ ሰው በበዛበት ፓርክ ይህ ከፍጥነት በላይ ይጠቅማል። ማውንቴን ብስክሌት ግን ለዚህ ሁሉ አይሆንም። ጥርሳም ጎማው አስፋልት ላይ ሲጮህ መስማት ራሱ ይደክማል።

አንድ ብስክሌት ብቻ የሚገዛ ሰው ቢጠይቀኝ ግራቭል እለዋለሁ፤ ቀጭንና ልሙጥ ጎማ አድርጎበት። ኮርሳውም ግራቭሉም ቤት ውስጥ ካሉ ደግሞ ጠብ የለም።

ጎማው ላይ ግን እንቆይ

ብስክሌቱን ሳትቀይሩ መንገዱን መቀየር የሚችለው ጎማ ነው። የጎማችሁን ጎን ተመልከቱ። 28-622 የሚል ቁጥር ታገኙ ይሆናል። 28 የጎማው ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር። 622 ደግሞ ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ክብ ዲያሜትር ነው፣ እሱም በሚሊ ሜትር። በሌላ አጻጻፍ 700×28 የሚባለው እሱው ነው።

ድሮ ኮርሳ ማለት 23 ሚሊ ሜትር ጎማ ማለት ነበር። ቀጭን ጎማ፣ ድንጋይ እስኪሆን የተነፋ። ፈጣን የሚመስለን ስለሚያንቀጠቅጠን ነበር። በጣም የተነፋ ጎማ ጉብታውን አይውጠውም፤ ብስክሌቱንና ነጂውን ወደ ላይ ያነጥራል፣ ወደ ፊት ሊሄድ የሚገባው ጉልበት በዚያ ያልቃል። ሰፋ ያለ ጎማ ትንሽ ለስለስ ብሎ ሲነፋ ጉብታውን ዋጥ አድርጎ ያልፋል። ሥር ባነሳው አስፋልት ላይ ልዩነቱን እጃችሁ ይነግራችኋል።

ለ70 ኪሎ ሰው የእኔ መነሻ ቁጥሮች እነዚህ ናቸው። 25 ሚሊ ሜትር ከሆነ 85 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ገደማ። 28 ከሆነ 70 ገደማ። 32 ከሆነ 55 ገደማ። የኋላው ከፊቱ ትንሽ ይበልጥ፣ ክብደታችን ወደ ኋላ ስለሚያደላ። ከዘነበ ከሁለቱም ላይ ትንሽ ቀንሱ። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ትልቁ ቁጥር ጣሪያው ነው፤ እዚያ ድረስ ንፉ ማለት አይደለም። ደግሞም ጎማ ሳይነካም ይተነፍሳል፣ በሳምንት አንዴ መለካት ልማድ ይሁን።

ለፓርክ ዙሪያ ጥሩ አስፋልት 28 ይበቃል። ለጅረት ዳር 32 እላለሁ፤ ለድልድዩ፣ ለሥሩና ለደለሉ። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ጎማው ከፍሬሙና ከሹካው ጋር ያለውን ክፍተት እዩ። ቸርኬ የሚይዝ ፍሬን ያላቸው የቆዩ ኮርሳዎች ብዙዎቹ ከ28 በላይ አያስገቡም። 25 ብቻ የሚገባላችሁ ከሆነም ዓለም አላለቀችም። ትንሽ ቀስ ማለት ነው።

ፍሬንና ፔዳል

ቸርኬ የሚይዘው ፍሬን ደረቅ ቀን ላይ ምንም አይወጣለትም። ሲረጥብ ግን ላስቲኩ መጀመሪያ ውሃውን መጥረግ አለበት፤ እስኪጠርግ ጎማው ጥቂት ይዞራል፣ እናንተም ትሄዳላችሁ። ዲስክ ፍሬን፣ ማለትም የጎማው መሃል ላይ ያለውን ክብ ብረት የሚይዘው፣ ዝናብ ላይ ብዙም አይለወጥም። ጅረት ዳር በየወቅቱ የምትነዱ ከሆነ ዲስክ ምረጡ። ለፓርክ፣ በደህና ቀን፣ ያላችሁ ይበቃል።

በሁለቱም ፍሬን ቢሆን ፍጥነቱን አስቡት። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው አንድ ሰከንድ ደንግጦ፣ ከዚያ ደህና አድርጎ ፍሬን ቢይዝ 9 ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል። በ30 ከሆነ 15 ሜትር ገደማ ይፈልጋል፤ ያውም ደረቅ አስፋልት ላይ። ኩርባው የሚያሳያችሁ 10 ሜትር ብቻ ከሆነ 30 መንዳት ዓይን ጨፍኖ ከመንዳት አይለይም።

ፔዳል ላይ ምርጫው ሦስት ነው። ሰው የሚበዛበት መንገድ ላይ ጠፍጣፋው ጥሩ ነው፤ እግር ወዲያው መሬት ይደርሳል። ጫማን ፔዳሉ ላይ ከሚቆልፉት ውስጥ ደግሞ ሁለት ቤተሰብ አለ። አንዱ ሉክ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው፣ ከጫማው ሥር ትልቅ ፕላስቲክ የሚወጣው የኮርሳ ዓይነት። ሌላው ሺማኖ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው ኤስፒዲ፣ ብረቱ ሶሉ ውስጥ የሚደበቀው። ጅረት ዳር ወርዶ መራመድ አይቀርም። በፕላስቲኩ እርጥብ ጣውላ ላይ መራመድ በበረዶ ላይ እንደመሄድ ነው። ኤስፒዲ ውሰዱና ተገላገሉ።

ደወል፣ ሰዓት፣ ኤሌክትሪክ

ደወል ይኑራችሁ። ጆሮው ሥር ደርሳችሁ ከደወላችሁለት ሰው ይደነግጣል፣ የደነገጠ ሰው ወደ የትኛው ጎን እንደሚዘል አይታወቅም። 30 ሜትር ያህል ላይ አንዴ ደውሉ፣ ቀዝቀዝ በሉ፣ ስታልፉ አመስግኑ። ጆሮው ላይ ማዳመጫ ያደረገ ሰው ከሆነ ደወሉም አይረዳም፤ ልክ የማይሰማ ሰው እንደሆነ አድርጋችሁ እለፉት።

የኤሌክትሪክ ብስክሌት ያላችሁ ከመግዛት በፊትም ከመውጣት በፊትም ሕጉን እዩ። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ እንደ ተራ ብስክሌት የሚቆጠረው ሞተሩ ከ250 ዋት ሳይበልጥ፣ ለፔዳል የሚሰጠው እርዳታ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ የሚያቆመው ነው። ሌላ አገር ቁጥሩ ሌላ ነው። አንዳንድ መናፈሻ ደግሞ የራሱ የፍጥነት ገደብ አለው፣ መግቢያው ላይ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ።

ሰዓትን በተመለከተ ቆጠራዬን ላሳያችሁ። አንድ የምወደው የጅረት ዳር መንገድ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንዱን ኪሎ ሜትር ቆጠርኩት፤ ሰባት ጊዜ ፍሬን ያዝኩ። ጋሪ፣ ውሻ፣ ፎቶ የሚነሱ ሙሽሮች፣ ብስክሌት የሚለምድ ልጅ ከነአባቱ። ያንኑ ኪሎ ሜትር ማክሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ደገምኩት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የያዝኩት፤ እሱም ስድስት ጫጩቶቿን አስከትላ ወደ ውሃው ለምትሻገር ዳክዬ። የመጨረሻዋ ጫጩት ከአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ለመዝለል ሦስት ጊዜ ሞከረች። ቆሜ ጠበቅኋት።